ክብደቱን መልሶ የሚያነሳው ማነው?

አንድ ኃጢአት አለብኝ፤ ዛሬ ልናዘዘው። ኃጢአቴ አንዲት ቃል ናት፤ «በርታ!» የምትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ አንድ እሁድ ከእናቱ ጋር ቤቴ መጣ። ሙያው ብየዳ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ የሠራውን በርና መስኮት ያየ ሰው ስልኩን ሳይቀበል አይሄድም። የዚያን ቀን ግን ስለ በርና መስኮት አላወራም። ቡናው ገና እየተቆላ ስልኩን አወጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ትልቅ ጎማ ይዞራል። በጎማው ዙሪያ በማጠፊያ የተያያዙ ክንዶች አሉ፤ በየክንዱ ጫፍ ብረት ታስሯል። ጎማው ሲዞር በቀኝ በኩል ያሉት ክንዶች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፣ በግራ በኩል ያሉት ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጎማው ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለ፣ ውሃ የለ፣ ንፋስ የለ።

«ጋሼ፣ የሚያዞረው የመሬት ስበት ብቻ ነው» አለኝ። «ስበት ደግሞ ቆጣሪ የለውም!»

እኔ በወጣትነቴ ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማሽኑ እንደማይሠራ ቪዲዮው ሳያልቅ አውቄያለሁ። ነገር ግን እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የልጁ ፊት በተስፋ በርቷል፤ እኔም ይሉኝታ ያዘኝ። «ጎበዝ! በርታ!» አልኩት። ቡናችንን ጠጣን።

ይህቺ «በርታ» ስምንት ወር በላች። ልጁ የእቁብ ብሩን አወጣ። ምናለሽ ተራ እየተመላለሰ ኩሽኔታ፣ ቱቦላሬና አሮጌ ዲናሞ ገዛ። የደንበኛውን ሥራ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ አሳደረ። በተከራየው ቤት ጓሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር የሆነ ጎማ አቆመ፤ 12 ክንድ፣ በየክንዱ ጫፍ 5 ኪሎ ብረት። በእጁ ገፋ ሲያደርገው ግሩም አድርጎ ይዞር ነበር። ከዚያ ይቆማል። ኩሽኔታውን ይቀይራል፤ ይቆማል። ክንዱን ያስረዝማል፤ ይቆማል። በሄድኩ ቁጥር የምሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረው።»

በዚህ መሐል አንድ መሥሪያ ቤት የፈጠራ ሥራዎች ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። ልጃችን ገና በራሱ ያልዞረውን ማሽን ፎቶና ንድፍ ይዞ ቀረበ። ማሽኑ ሲዞር ያየ አልነበረም፤ ስንት ዋት እንደሚሰጥ የጠየቀም አልነበረም። በሞቀ ጭብጨባ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። አንድ ጋዜጠኛም «ያለ ነዳጅ መብራት የሚያመነጨው ወጣት» ብሎ ዘገበለት። እህቴ ወረቀቱን በፍሬም አድርጋ ሳሎኗ ሰቀለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ማቆም አልቻለም። በጓዳው የሚሞክር ሰው ሲያቅተው ይተወዋል፤ ሕዝብ ያጨበጨበለት ሰው ግን በምን አፉ «ተውኩት» ይላል?

ክሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በልጁ ላይ አይደለም። ልጁ ሞክሯል፤ መሞከር ክብር ነው። ክሴ በአጨብጫቢው ላይ ነው። «ለመሆኑ የወረደውን ክብደት መልሶ የሚያነሳው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ሞራል መግደል እየመሰለን፣ ዝም ብለን እጃችንን የምናጋጭ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ተከሳሾች ነን። አለመጠየቅ አክብሮት ይመስላል እንጂ ንቀት ነው። ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ «ስንት ቶን ይሸከማል?» እንላለን፤ የምር እንሻገርበታለንና። ለድሃው በያጅ ግን ሳንጠይቅ እናጨበጭባለን። ለምን? በልባችን ከሱ የምር የሆነ ነገር ስላልጠበቅን ነው።

ይህ ጎማ ደግሞ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ባስካራ በውስጡ ባዜቃ የያዙ ዘንጎች ያሉት፣ ለዘላለም የሚዞር ጎማ በጽሑፍ ገልጿል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቪላር ደ ኦንኩር በዙሪያው መዶሻ የተንጠለጠለበት ጎማ ሥሏል። የእህቴ ልጅ የሠራው የዚህን የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ «ትንሽ ነው የቀረው» ሲባል ኖሯል ማለት ነው።

ከሁሉ ዝነኛው ግን የጀርመኑ ዮሐን ቤስለር ነው፤ ራሱን ኦርፊሬየስ ብሎ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1712 ጌራ በምትባል ከተማ በራሱ የሚዞር ጎማ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ እያሳደገ እያሳደገ ሄዶ በ1717 የሄሰ ካሰል ገዢ የነበረው ልዑል ካርል ባስጠጋው ቤተ መንግሥት ውስጥ 12 ጫማ ስፋት ያለው ጎማ አቆመ። በኅዳር ወር ጎማው ያለበት ክፍል ተዘግቶ በማኅተም ታሸገ። በጥር 1718 መጀመሪያ፣ ከ54 ቀን በኋላ፣ በሩ ሲከፈት ጎማው እየዞረ ተገኘ ተባለ። የላይደኑ ፕሮፌሰር ስግራፈሳንደ ራሱ በ1721 መርምሮት ተደንቆ ለአይዛክ ኒውተን ጻፈለት።

እንግዲህ ምን ቀረ? የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጎማው ሆድ ይከፈትና ሌላ ሰው ይሥራው። ቤስለር ግን ጎማውን በጨርቅ ሸፍኖ «መጀመሪያ ገንዘቡን» አለ። የጠየቀው ደግሞ ትልቅ ሀብት ነበር። ፕሮፌሰሩ ምሥጢሬን በነጻ ሊወስድ ነው ብሎ ተቆጣና ጎማውን በገዛ እጁ ሰባበረው። በ1727 የቤቱ ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ ጎማውን ከጎን ካለው ክፍል እየተፈራረቅን በእጃችን ስናዞር ነበር ብላ መሰከረች። ቃሏን የሚያምኑም የማያምኑም እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ አያስፈልገኝምና። እሱ ከሞተ ከ1745 ወዲህ ስንትና ስንት ሰው የዚያን ጎማ ቅጂ ለመሥራት ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ሸክም እየጎተተ በራሱ የሚዞር አንድም ጎማ አልተገኘም። አንድ ሰው ሠራሁት ያለውን ሌላው በዚያው መንገድ መልሶ ካልሠራው፣ የተገኘው ነገር ዕውቀት አይባልም። ወሬ ነው።

«ለምን አይሠራም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፕሮፌሰርነት አይጠይቅም። ስበት ማለት እቁብ ማለት ነው። እቁብ ስንት ሰጠህ? የከፈልከውን። አንድ ብር አይጨምርልህም። ክብደትን ወደ ላይ ስታነሳ ትከፍላለህ፤ ሲወርድ ዕጣህን ትቀበላለህ። ኩሽኔታው ላይ ያለው መፋተግና የንፋሱ ግፊት ደግሞ የእቁቡ ጸሐፊ ናቸው፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣሉ። የኛ ጎማ ምኞት ምን ነበር? በየሳምንቱ ዕጣ የሚደርሰው ግን አንድም ቀን የማይከፍል እቁብተኛ መሆን። እንዲህ ያለውን ሰው የሰፈሩ ሰው አያስገባውም፤ ተፈጥሮም አታስገባውም። ሲሚንቶ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ የቀን ሠራተኛ ስበት ነጻ አለመሆኑን ከማናችንም በላይ ያውቃል።

በቁጥር እንየው። የልጁ ማሽን 60 ኪሎ ብረት አለው። ብረቱ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ወረደ እንበል። የሚገኘው ኃይል 1,180 ጁል ገደማ ነው። ይህ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ሃያ ሰከንድ እንኳ አያበራም። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላማ 60 ኪሎው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ይጠብቃል። መልሶ የሚያነሳው ማነው?

እዚህ ስደርስ ሁለት ዓይነት ሰው ይነሳብኛል። የመጀመሪያው «የነዳጅ ኩባንያዎች ደብቀውት ነው እንጂ!» ይላል። ወዳጄ፣ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ «ያለማቋረጥ በራሱ የሚንቀሳቀስ ማሽን የሚል ማመልከቻ ከእንግዲህ አንመረምርም» ብሎ የወሰነው በ1775 ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ድሬክ የነዳጅ ጉድጓዱን የቆፈረው በ1859 ነው። ሰማንያ አራት ዓመት ቀድሞ የትኛው የነዳጅ ኩባንያ ጉቦ ሰጠ? አካዳሚው ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ልብ ይነካል። ይህ ምኞት ቤተሰብ አፍርሷል፤ ለአገር ብዙ ሊጠቅሙ ይችሉ የነበሩ ባለሙያዎች ገንዘባቸውን፣ ጊዜያቸውንና አእምሯቸውን ጨርሰውበታል ነው ያለው። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የእህቴ ልጅ ጓሮ ነው።

ሁለተኛው ሰው «ራይት ወንድማማቾችም ተስቆባቸው ነበር» ይላል። ልክ ነው፤ ተስቆባቸዋል። ነገር ግን በ1903 ከመብረራቸው በፊት ምን ሠሩ? በ1901 ከሣጥን የንፋስ ቱቦ ሠርተው ሁለት መቶ ያህል የክንፍ ቅርጾችን አንድ በአንድ ለኩ። መጽሐፍ ላይ የነበረውን ቁጥር ተጠራጠሩ፤ ራሳቸውን ግን ከዚያ በላይ ተጠራጠሩ። የተሳቀበት ሁሉ ራይት አይሆንም። ራይት የሚያደርገው መሳቂያ መሆን ሳይሆን መለካት ነው።

ደግሞ ስበት ዋጋ የለውም አላልኩም። ኧረ እንዲያውም! በገጠራችን የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው የስበትን ማሽን አይቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ምንድን ነው? 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ የስበት ማሽን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም አንድ ቶን፣ 130 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ያንኑ ባለ 60 ዋት አምፖል ስድስት ሰዓት ያህል ያበራል። «ታዲያ እዚያ ሲሠራ እዚህ ለምን እንቢ አለ?» ብትል፣ ያቺኑ ጥያቄ ጠይቅ። ውሃውን መልሶ የሚያነሳው ማነው? ፀሐይ ናት። ከባሕሩና ከምድሩ በእንፋሎት አንስታ፣ በደመና አሸክማ፣ ደጋው ላይ ታወርደዋለች። ክፍያው በየቀኑ ከሰማይ ይፈጸማል፤ እኛ ዕጣውን እንቀበላለን። እቁቡ አልተጭበረበረም።

ሌላም ሐቀኛ ማሽን አለ። በ2012 እንግሊዝ አገር ሁለት ንድፍ ሠሪዎች ግራቪቲ ላይት የሚባል መብራት አስተዋወቁ። 12 ኪሎ አፈር ወይም ድንጋይ የያዘ ከረጢት 1.8 ሜትር ያህል ታነሳለህ፤ ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲወርድ አንዲት ትንሽ መብራት ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ታበራለች። ሲያልቅ ተነስተህ እንደገና ታነሳዋለህ። ሰዎቹ «ነጻ ነው» አላሉም። «ክንድህ ይከፍላል፣ የምታገኘውም ይህቺን ታህል ነው» አሉ። ቁጥሩን ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ማንም አባዝቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የፈጠራ ክብር እንዲህ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በስምንተኛው ወር እህቴ ደውላ «አልተኛም፣ አይበላም» አለችኝ። «በርታ» ያልኩት እኔ ነኝና ኃጢአቴን ተሸክሜ ሄድኩ። «አይሠራም» አላልኩትም። ጊዜው አልፏል፤ ብለውም አያምነኝም። «እስቲ እንለካው» ብቻ አልኩት። ጠመኔ፣ ሰዓትና ሚዛን ይዘን አንድ ሙሉ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ ዋልን።

መጀመሪያ ዲናሞውን ፈትተን፣ ጎማውን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ክብደት ጎትተን እንለቀው ጀመር። አሥር ጊዜ ለቀቅነው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። ከዚያ ዲናሞውን በቺንጊያ አገናኘነው። ሩብ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ቀጥሎ ክንዶቹን በሙሉ በሽቦ አስረን የማይታጠፉ አደረግናቸውና ለቀቅነው። የታሰረው ጎማ ከማይታሰረው ይበልጥ ረጅም ጊዜ ዞረ! ልጁ ይህን ሲያይ ዝም አለ። ስምንት ወር የለፋባቸው መታጠፊያዎች ኃይል እየሰጡ ሳይሆን እየወሰዱ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደ። በጎማው መሐል ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች አሰመረ። ብረቶቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። አንዴ ቆጠረ፤ ደገመ።

«ጋሼ፣ ይቁጠሯቸው እስቲ» አለኝ። «በቀኝ የተዘረጉት አምስት ናቸው። በግራ የታጠፉት ግን ሰባት።»

በቃ፤ ስምንት መቶ ዓመት የፈጀው ምሥጢር ይኸው ነው። የተዘረጉት ከመሐል ይርቃሉ፣ ግን ቁጥራቸው ያንሳል፤ የታጠፉት ይቀርባሉ፣ ግን ይበዛሉ። ሚዛኑ ይስተካከላል። እኔ አልነገርኩትም፤ ራሱ ቆጥሮ አገኘው። በዚያች ደቂቃ ከፊቴ የቆመው በያጅ ሳይሆን ተመራማሪ ነበር። የምስክር ወረቀት ይገባው የነበረው ያን ቅዳሜ ነው። ግን ማን ያጨብጭብለት? «ወጣቱ ማሽኑ ለምን እንደማይሠራ አረጋገጠ» የሚል ዜና የሚያነብ ጣቢያ የለንም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም። ያ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ኖሮ «ማሽንህን አምጣ፣ እንግዶች ያዩታል» ብሎ ደወለለት። አንድ ጓደኛው መላ አመጣ። በእግሩ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ አንድ ባትሪና ትንሽ ሞተር እንደብቅ፤ ለሁለት ሰዓት ነው፤ ማን ያውቃል? ልጁ ሌሊት ደውሎ ይህንኑ ነገረኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ማታለል ፈልጎ አይደለም፤ ማፈር ፈርቶ ነው።

የሬድሄፈርን ታሪክ ነገርኩት። ቻርልስ ሬድሄፈር የሚባል ሰው በ1812 ፊላደልፊያ፣ በ1813 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በራሱ የሚሠራ ማሽን እያሳየ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር። የእንፋሎት መርከብ ባለሙያው ሮበርት ፉልተን ሊያይ ሄደ። ማሽኑ ሲዞር አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይል ነበር፤ በእጅ የሚዞር መዘውር ጠባዩ እንዲህ ነው። ፉልተን ጣውላውን ገንጥሎ የተደበቀውን ቺንጊያ ተከትሎ ቢወጣ፣ ሰገነት ላይ አንድ ፂማም ሽማግሌ በአንድ እጁ ዳቦ እየገመጠ በሌላው መዘውር ያዞራል። «ሣጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ያ ሽማግሌ ነው» አልኩት። ልጁ ሳቀ፤ ከብዙ ወር በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። በማግስቱ «ማሽኔ አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራ ግን ላሳያችሁ እችላለሁ» ብሎ መልስ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለለትም።

እንግዲህ ለሚያጨበጭቡ ሁሉ ልማጸን። ለጋዜጠኛው፣ ለሸላሚው፣ ለአጎቱ፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። የሚወርደውን ነገር መልሶ የሚያነሳው ማነው? ስንት ዋት፣ ለስንት ሰዓት ይሰጣል፣ የለካውስ ማነው? ንድፉን አይቶ ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ሠርቶታል ወይ? መልስ ካለው አጨብጭቡ፤ እጃችሁ እስኪላጥ አጨብጭቡ። መልስ ከሌለው ጭብጨባውን ትታችሁ ሚዛንና ጠመኔ ይዛችሁ ጓሮው ሂዱ። አንድ ቅዳሜ ነው የሚፈጀው። እኔ በመጀመሪያው እሁድ ይህን ባደርግ ኖሮ ስምንት ወርና የእቁብ ብር ይተርፍ ነበር።

ልጁ ዛሬ ደህና ነው። በርና መስኮቱን ይሠራል፤ ደንበኞቹም ተመልሰዋል። ጎማውን ፈታቶ ብረቱን ለአጥር አዋለው። የምስክር ወረቀቱ ግን አሁንም እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ለቡና በሄድኩ ቁጥር ከሥሩ እቀመጣለሁ። ስበት ሁሉን ነገር ያወርዳል፤ ያንን ፍሬም ግን እስካሁን አላወረደውም።